ፎቶሾፕ፣ ፎቶፒ፣ ጊምፕ ወይስ ስናፕሲድ? በእማዬ አልበም የተፈተኑ አራት ፕሮግራሞች

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚህ ፒያሳ ድረስ ሄዶ ኮርስ መማር ማለት ግማሽ ቀን ታክሲ ላይ መዋል ነው። ስለዚህ ፎቶ ኤዲቲንግ የተማርኩት እቤት፣ በእማዬ አልበም ነው። ያ ገጹ የሚያጣብቀው፣ ላዩ ፕላስቲክ የሆነው፣ ፎቶው አንዴ ከገባ አልላቀቅም የሚለው አልበም።

ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላየሁም። የማታውቁት ሰው ፊት ላይ ብትሳሳቱ ልብ አትሉትም። የአክስታችሁን አፍንጫ ካበላሻችሁ ግን ወዲያው ይታያችኋል። እናንተ ብታልፉት እሷ አታልፈውም።

ሁለት ሥራ ነበረኝ። አንዱ መሃሉ ላይ ታጥፎ የተሰነጠቀ የአያቴ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ሌላው የእህቴ የምርቃት ፎቶ። ወንድሜ ያን ቀን ሐዋሳ ስለነበረ የለበትም። እማዬ "ልጄን እዚህ ጨምርልኝ" አለች። አራቱንም ፕሮግራሞች በነዚህ ሞከርኳቸው።

ስናፕሲድ የጉግል ነው፤ ነጻ ነው፤ ስልክ ላይ ይሠራል። ሂሊንግ የሚለውን ነክቶ ጭረቱን በጣት ማሸት ነው። የአያቴ ቀሚስ ላይ ያለው ስንጥቅ ወዲያው ጠፋ። ስንጥቁ ዓይኗ ጋ ሲደርስ ግን ጣቴ ወፍራም ሆነብኝና ግማሽ ቅንድቧን ይዞት ሄደ። ሌየር የሚባለው (ከታች እነግራችኋለሁ) ስለሌለው ወንድሜን በእሱ መጨመር ከባድ ነው። ለጭረት፣ ለደበዘዘ ቀለም፣ ለጨለመ ፎቶ ይበቃል። ፍላጎታችሁ ይኼ ብቻ ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን ባታነቡም ምንም አይቀርባችሁም።

ሰው ከሰው ማገናኘት ሲመጣ ግን ሌየርና ማስክ የግድ ናቸው። ሌየር ፎቶ በፎቶ ላይ መደረብ ነው። ማስክ ደግሞ የላይኛውን ሳትቆርጡ መሸፈኛ ነው፤ ጥቁር ስትቀቡት ይደበቃል፣ ነጭ ስትቀቡት ይመለሳል። የወንድሜን ጆሮ ሦስት ጊዜ ደብቄ ሦስት ጊዜ መልሻለሁ። በላጲስ አጥፍቼው ቢሆን ኖሮ ሄዶ ነበር።

ይኼን መጀመሪያ የተማርኩት በፎቶፒ ነው። ብራውዘር ላይ ይከፈታል፤ ማስታወቂያውን ከታገሣችሁ ነጻ ነው። ኢቫን ኩትስኪር የሚባል ሰው የሠራው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አለ። ሜኑውም አቋራጭ ቁልፎቹም ፎቶሾፕን ይመስላሉ፤ የፎቶሾፕ ፋይልም ይከፍታል። ዩቲዩብ ላይ ያለ የፎቶሾፕ ትምህርት እያያችሁ አብራችሁ መሥራት ትችላላችሁ። እኔን የገዛኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ፎቶው ወደ ሌላ ቦታ አይላክም፣ እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው የሚሠራው። ገጹ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ፓኬጃችሁ ቢያልቅም ሥራው አይቆምም።

ክፉ ጎኑን የቀመስኩት አንድ ማታ ነው። የወንድሜን ፀጉር ከጀርባው ካለው ነገር ስለይ ሁለት ሰዓት ፈጀሁ። መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። አንድም ጊዜ ሴቭ አላደረግኩም፤ ጥፋቱ የኔው ነው። ፎቶፒ ላይ ስትሠሩ በየአሥር ደቂቃው በፒኤስዲ፣ ማለትም ሌየሩን እንዳለ በሚይዘው የፎቶሾፕ ፋይል፣ አስቀምጡ። ጄፔግ ሌየሩን ሁሉ አንድ አድርጎ ይደፈጥጠዋል።

ጊምፕም ነጻ ነው፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ጥቂት መቶ ሜጋባይት ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አንዴ አውርዳችሁ መጫን ነው፤ ከዚያ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ያረጀ ላፕቶፕ ላይም ይሄዳል። ችግሩ አቀማመጡ ነው። የፎቶሾፕ ትምህርት እያያችሁ ከሆነ የምትፈልጉት ነገር ሌላ ስም ይዞ ሌላ ቦታ ነው የሚገኘው። ካወረዳችሁ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣውን 3.0 ወይም ከዚያ በኋላ ያለውን ያዙ፤ ያደረጋችሁትን ፊልተር በኋላ ተመልሳችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። ሰፈራችሁ ኔትወርክ የሚያስቸግር ከሆነ ምርጫችሁ ይኼ ነው።

ፎቶሾፕ? ጥሩ ነው፤ ምን ይባላል። ፀጉር መለየት ላይ ሌሎቹ አይደርሱበትም። በየአሥር ደቂቃውም ራሱ መጠባበቂያ ያስቀምጣል፣ መብራት ለሚያስቸግረው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ግን እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የሚሸጠው በኪራይ ነው፤ በወር 20 ዶላር ገደማ፣ ያውም በውጭ ምንዛሬ በሚከፍል ካርድ። ራሙም ቢያንስ 8 ጊጋ ይፈልጋል። ለሰርግ ስቱዲዮ ወይም ለባነር ቤት ልትሠሩበት ካሰባችሁ ያዋጣል። ለእማዬ አልበም አያዋጣም። "ክራክ (ሳይከፈልበት የተሰበረውን) አስጭን" የሚላችሁ አይጠፋም፤ እኔ አንዴ አስጭኜ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ፎርማት አስደርጌያለሁ።

በአንድ ንክኪ ፎቶ የሚያጠሩ የኤአይ አፖችንም ሞክሬ ነበር። አያቴ ጥርት ብላ ወጣች። እማዬ አየቻትና "ይቺ ደግሞ ማናት?" አለች። እውነቷን ነው፤ አፑ የደበዘዘውን መለየት ሲያቅተው ከራሱ ፊት ፈጥሮ ይሞላል።

ብር ካላችሁ መጀመሪያ ስካን ላይ አውሉት። የድሮ ፎቶ በስልክ ሲነሳ ያንጸባርቃል፣ ጠርዙም ይጣመማል። 3 በ4 ሴንቲሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለ የነጥብ ብዛት ነው) ስካን ቢደረግ 700 በ945 ፒክሰል አካባቢ ነው። በ300 ዲፒአይ ቢታተም ቁመቱና ወርዱ እጥፍ ይሆናል፣ 6 በ8 ሴንቲሜትር። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ በ1200 አስደርጉ። ፎቶ በቴሌግራም የሚላክላችሁ ከሆነም "ፋይል አድርገህ ላክልኝ" በሉ፤ አለዚያ ተጨምቆ ነው የሚደርሳችሁ።

እኔ አሁን ፎቶፒ ላይ እሠራለሁ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ጊምፕ አለኝ። የወንድሜም ፎቶ አለቀ። እሱ ላይ ብርሃኑ ከግራ ነበር፣ ምርቃቱ ላይ ፀሐዩ ከቀኝ። ስለዚህ እሱን ግራና ቀኙን ገለበጥኩት፣ ጥላውን ሠራሁለት፣ ቀለሙን አመሳሰልኩ። አሳትሜ ለእማዬ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ ቆየች።

"ሰዓቱን ቀኝ እጁ ላይ ማሰር የጀመረው መቼ ነው?" አለችኝ።