በጎርጎራ ጀልባችን ላይ ስለተገጠመው ባለ 24 ቮልት ኤር ኮንዲሽነር

ጀልባችን ከጎርጎራ ተነሥታ ወደ ማንዳባ መድኃኔዓለምና ወደ ሌሎች የጣና ገዳማት ተሳላሚዎችን ታደርሳለች። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት የተዘጋው ክፍሏ አረጋውያንን እጅግ ስለሚያስጨንቅ፣ ያለ ጄኔሬተር በባትሪ ብቻ የሚሠራ ኤር ኮንዲሽነር ከጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ካለ የሶላር ዕቃዎች መደብር ገዝተን አስገጠምን።

ከዚያ በፊት ሌላ ባለሙያ የገጠመልን ባለ 12 ቮልት መሣሪያ አሳዝኖን ነበር። 600 ዋት ሲስብ 50 አምፔር ያልፍበታል፤ የገመዱ ውፍረት ደግሞ 6 ካሬ ሚሊሜትር ብቻ ስለነበረ፣ 4 ሜትር ሄዶ 4 ሜትር ሲመለስ ከ1 ቮልት በላይ በመንገድ ይቀራል። ገመዱ ይግላል፣ መሣሪያውም ቮልቴጅ አነሰኝ ብሎ ይጠፋል።

የፒያሳው ባለሙያ «የገመዱን መንገድ ሳልለካ ዕቃ አልሸጥልዎትም» ብለው ጎርጎራ ድረስ መጡ፤ ለመደብሩ ያለኝ አክብሮት የጀመረው ከዚያ ዕለት ነው። በ24 ቮልት ያው 600 ዋት 25 አምፔር ብቻ ስለሚጠይቅና ገመዱም ወደ 16 ካሬ ሚሊሜትር ስለተቀየረ፣ አሁን የሚባክነው 0.2 ቮልት ገደማ ነው። ኃይል ከልክ ሲያልፍ መስመሩን የሚቆርጠውን ፊውዝም ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ አደረጉት፤ ፊውዝ የሚጠብቀው ከእርሱ በኋላ ያለውን ገመድ ነውና፣ በሐይቅ መካከል እሳት ቢነሣ መሸሻ ለሌለው መንገደኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከወጪው ከግማሽ በላይ የወሰደው ባለ 25.6 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ ነው። ከ5.1 ኪሎዋት ሰዓት አቅሙ 80 በመቶውን ብንጠቀም፣ መሣሪያው በሙሉ ኃይሉ ወደ 7 ሰዓት ይሠራል፤ ክፍሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ኮምፕሬሰሩ (ማቀዝቀዣ ጋዙን የሚጨምቀው ክፍል) ፍጥነቱን ስለሚቀንስ በተግባር ከዚያ በላይ ቆይቶልናል። የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ስለሚመረጥ፣ ለተመሳሳይ አገልግሎት ትንሿን ጀልባ በክብደት ባስጨነቃት ነበር።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ከሞተሩ ባለ 12 ቮልት ዲናሞ ወደዚህ ባትሪ የሚሞላው ቻርጀር መደብሩ ስላልነበረው ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ሁለቱ ባለ 400 ዋት ሶላር ፓኔሎችም ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር ተጣብቀው ተገጠሙ፤ ፓኔል ሲሞቅ የሚሰጠው ኃይል ስለሚቀንስ ከሥሩ አየር ማለፊያ ሊተውለት ይገባ ነበር። ባለሙያው ስሕተቱን አምነው ከፍ የሚያደርገውን ብረት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሊሠሩልን ተስማምተዋል፤ ሥራው ግን ገና አልተጀመረም።