«ሞተሪኖው አልቋል» ሲሏችሁ ወዲያው ገንዘብ አታውጡ

አሮጌ መኪና የምትነዱ ሁሉ፣ በተለይ የድሮውን ኮሮላና ቀደም ያሉትን ቪትዞች የያዛችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ጋራዥ እንዳትገቡ። ቁልፍ ስታዞሩ መኪናው ጠቅ ብሎ ዝም ሲል፣ ምንም ነገር ሳይለኩ «ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ስታርተር) አልቋል፤ ሙሉውን መቀየር ነው» የሚሉ ጋራዦች አሉ። እህቴን የገጠማት ይኸው ነው። ለአንድ ያገለገለ ሞተሪኖ ከነእጅ ዋጋው 24,000 ብር ጠየቋት። ቀብድ ዛሬውኑ ካልከፈለች ዕቃው ለሌላ ሰው እንደሚሸጥ ነገሯት። አሮጌውንም «ከእንግዲህ አይጠቅምሽም» ብለው እዚያው እንድትተወው ፈለጉ።

ቀብዱን እንዳትከፍል ከለከልኳት። ሞተሪኖውን አስፈትተን ወደ ሌላ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይዘነው ሄድን። ሲከፈት ሶሌኖይዱ (ቁልፍ ሲዞር ኤሌክትሪኩን ለሞተሪኖው የሚያገናኘው ክፍል) ውስጥ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች ተበልተዋል፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። መዳቦቹ ተቀየሩ፣ ካርቦኑም (ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያሳልፈው ብራሽ) አብሮ ታደሰ። የከፈለችው መጀመሪያ ከተጠየቀችው አንድ አሥረኛውን እንኳ አልሞላም።

ይህ ያልተለመደ ብልሽት አይደለም። ሞተሪኖ የሚሠራው ለጥቂት ሰከንዶች ቢሆንም በዚያች ቅጽበት ከመቶ አምፒር በላይ ይስባል። ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በእነዚያ ትንንሽ መዳቦች ላይ ስለሆነ፣ ቁልፍ በዞረ ቁጥር ብልጭታው ትንሽ ትንሽ እየበላ ይጨርሳቸዋል። ካርቦኑም እየተፋቀ ያልቃል። ሁለቱም ለየብቻ የሚቀየሩ ናቸው። ታዲያ በትንሽ ወጪ ነፍስ የሚዘራውን አሮጌ ሞተሪኖ ጋራዡ ለምን ሊያስቀረው እንደሚፈልግ አስቡት። ታድሶና ቀለም ተቀብቶ «ከዱባይ የመጣ» ተብሎ በሙሉ ዋጋ መሸጥ ይችላል። ስለዚህ የፈረሰ ቢመስላችሁም ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ንብረታችሁ ነው።

ደግሞስ ጥፋቱ ከነጭራሹ የሞተሪኖ ላይሆን ይችላል። መኪናው ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ በፍጥነት ከደጋገመና የዳሽቦርዱ መብራት ከደበዘዘ፣ ቀድማችሁ ባትሪውን ጠርጥሩ። በቴስተር ይለካላችሁ። ጤነኛና የሞላ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ቁልፍ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ሞተሪኖውን መክሰስ ጊዜው ገና ነው። የባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ አስጠርጉት፣ ከባትሪው ወደ ቦዲውና ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የኔጋቲቭ ገመድም አስጠብቁት። መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ከፒ ወደ ኤን አድርጋችሁ ሞክሩት፤ በኤን ከተነሳ ችግሩ ማርሹ ጋ ያለው ማብሪያ ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ይህን ሳያደርግ ዋጋ የሚጠራ ባለሙያ ገንዘባችሁን ሊነካ አይገባውም።

«ዶላር ጨምሯል» መባሉንም እንደ መልስ አትቀበሉት። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ መለዋወጫ መወደዱ እውነት ነው። ነገር ግን ዕቃ መወደዱ የማያስፈልገውን ለመግዛት ምክንያት አይሆንም፤ እንዲያውም መጠገን የበለጠ የሚያዋጣው አሁን ነው።

የውስጥ ጥቅልሉ ተቃጥሎ ከሸተተ ወይም የሞተሪኖው ውጫዊ አካል ከተሰነጠቀ ግን መቀየር የግድ ነው። ያኔ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራም ግዙ ሌላ ቦታ፣ ሳይገጠም እዚያው በባትሪ ተነክቶ ሲዞር በዓይናችሁ እዩ። አሮጌውን አጠገቡ አስቀምጡና የጥርሶቹን ቁጥር አመሳክሩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ ያልተስማማ ጥርስ ሞተሩ ላይ ያለውን ትልቁን ጥርስ ይበላዋል፣ እሱን ለመቀየር ደግሞ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) ማውረድ ይመጣል። ደረሰኝም ተቀበሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥላችሁ ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስላችሁ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ያለ ደረሰኝ ግን ከዚያ ሻጭ መግዛታችሁን የምታስረዱበት ነገር በእጃችሁ የለም፤ ደረሰኝ አልሰጥም ካለ ዕቃውን መልሱለትና ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።