ቡችላዋን ለማን እንስጣት?

ከየካ አባዶ መንገድ ዳር ላነሳናት ቡችላ ሁለት ፈላጊ መጥቷል።

አንዱ ለገጣፎ ሰፊ ግቢ አለው። ግቢው ያማልላል። ግን ጥግ ላይ አጭር ሰንሰለት አየሁ፤ ዙሪያው ያለው አፈር ክብ ሆኖ ተልጧል። ሴት መሆኗን ሲሰማ ደግሞ ፊቱ ቀዘቀዘ። ልትወልድበት ነዋ! ሐኪም ሊያመክናት ይችላል ብዬ ብነግረውም አልጣመውም።

ሌላዋ ኮንዶሚኒየም የምትኖር የልጆች እናት ናት። ቤቷ ጠባብ ነው፣ ጎረቤትም ያጉረመርማል። ጠዋትና ማታ ደረጃ መውረድም አለ። ሆኖም ቀድማ የጠየቀችው ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። ቡችላ ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው ይከተባል፣ ከዓመት በኋላም ይደገማል። በሽታው በሰው ላይ ምልክት ካሳየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ቀልድ አይደለም።

እኔ ለእሷ አደላለሁ። ጎረቤቶቿን ታስማማና ትውሰዳት።