በሩን ሳይቆርጡ ቁልፉን ላዳኑልን ጋሼ፦ ምስጋናና ጥቆማ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጋሼ። እጅዎ ይባረክ።

ይህን የምንጽፈው ኮሎራዶ ውስጥ አውሮራና ዴንቨር አካባቢ ሆናችሁ አሮጌ ትሬይለር (በመኪና የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤት) ለያዛችሁ፣ የበሩ ቁልፍ አስቸግሯችሁ የሄዳችሁበት ሁሉ «አይሠራም፣ ይቀየር» ለተባላችሁ ነው። አትቸኩሉ። በተለይ ማንም ሰው በሩ ላይ መጋዝ እንዳያሳርፍ። መጀመሪያ እኚህ ቁልፍ የሚጠግኑ ጋሼ ይዩት።

በሩ በ1964 እ.ኤ.አ. የተሠራ ትሬይለር በር ነው። ከውጭ ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ፣ ከሥሩ የእንጨት ፍሬም፣ መሐሉ ላይ «ባርግማን» የሚል የአምራቹ ስም የተቀረጸበት ሰረገላ ቁልፍ። በዚያ ዘመን አሜሪካ የተሠሩ ብዙ ትሬይለሮች ላይ የምታገኙት ቁልፍ ነው። ሕመሙ ሦስት ነበር። የውጭው እጀታ ተጭኖ ሲለቀቅ አይመለስም፣ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ምላሱ ግማሹ ብቻ ስለሚወጣ በሩ የተዘጋ መስሎ መንገድ ላይ ይከፈታል፤ የትሬይለር በር ወደ ውጭ የሚከፈት ስለሆነ ደግሞ በጉዞ ላይ ንፋስ ካገኘው ማጠፊያውን ሊገነጥለው ይችላል። መክፈቻ ቁልፉም እስከ መጨረሻው ገብቶ አይዞርም፤ ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርጉት ብቻ ነው እሺ የሚለው።

ጋሼ ጋ ከመድረሳችን በፊት ሦስት ቦታ ተንከራተናል። ስም አንጠራም። የሠሩትን ግን እንናገራለን፣ ሌላው ሰው እንዳይቃጠል።

የመጀመሪያው ቁልፉን በቅጡ እንኳ ሳያይ «ዕቃው የለም፣ ዘመናዊ እንግጠምበት» አለ። የዛሬ ትሬይለር ቁልፍ በአብዛኛው 2¾ በ3¾ ኢንች የሆነ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይፈልጋል። የድሮው ቀዳዳ ከዚህ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ላሜራው ይቆረጣል፣ ከኋላው ያለው ቋሚ እንጨትም አብሮ ይበላል። ያ እንጨት የበሩ አከርካሪ ነው፤ አንዴ ከሳሳ በሩ መጣመም ይጀምራል። የተቆረጠ አሉሚኒየም ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ለዚህ ሥራ የተጠየቀው ከ600 ዶላር በላይ ነበር። ለማበላሸት!

ሁለተኛው ቁልፉን አወጣው። ግን እንዴት አድርጎ? የዚያን ጊዜ ትሬይለሮች ላይ ራሳቸው የ8 ቁጥር ወይም የቢራቢሮ ቅርጽ ያላቸው ቪቴዎች አሉ። የራሳቸው ካቻቢቴ አላቸው፣ ጫፉም ለብቻው በትንሽ ዋጋ ይሸጣል። እሱ ግን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ እየታገለ ከአራቱ የሁለቱን ራስ ፈጨው። ከዚያ የተሰነጠቀውን የውስጥ አካል «እበይደዋለሁ» ብሎ ወሰደ። የእነዚህ ቁልፎች የውስጥ አካል ብዙውን ጊዜ በቅርጽ የፈሰሰ የዚንክ ቅይጥ ነው። 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ ይቀልጣል፤ የብየዳ እሳት ሲነካው እንደ ቅቤ ነው። ተሰንጥቆ የሄደው ቀልጦ፣ ተጨማዶ ተመለሰ። ሲያስረክብ ደግሞ «ድሮም የበሰበሰ ነበር» አለን።

ሦስተኛው ይባስ። በውጭ በኩል ማጠፊያ ላሜራ መትቶ ጓጉንቸር እንድናንጠለጥልበት ሐሳብ አቀረበ። ሰው የሚተኛበት ቤት ላይ! ጓጉንቸሩ በውጭ ከተዘጋ ውስጥ ያለው ሰው እሳት ቢነሳ በምን ይወጣል? የትሬይለር በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ፣ በአንድ እጅ፣ በጨለማ መከፈት አለበት። ይህን የማያውቅ ሰው በር መንካት የለበትም።

ጋሼ ሲመጡ የዕቃ ሣጥናቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ፣ ግን አልከፈቱትም። በሩ ክፍት እንደሆነ እጀታውን ሰባት ስምንት ጊዜ ጫን ለቀቅ አደረጉት፣ ጆሯቸውን አስጠግተው። ቀጥለው ዘጉትና ያንኑ ደገሙት። ከዚያ «ክሪኮቹን አውርዷቸው» አሉ። ከአራቱም ማዕዘን ትሬይለሩን ደግፈው የሚይዙትን ማለታቸው ነው። አወረድናቸው። ከበሩና ከመቃኑ መካከል፣ ላይኛው ማዕዘን ጋ ይታይ የነበረው ክፍተት ዓይናችን እያየ ጠበበ።

ይህን ነጥብ ያዙት፤ ብዙ ቁልፍ ያለ ጥፋቱ የሚነቀለው በዚህ ምክንያት ነው። እነዚያ ክሪኮች ቤቱ እንዳይወዛወዝ ለመያዝ እንጂ ክብደት ለማንሳት አይደሉም። አንዱን ከልክ በላይ ካጠበቃችሁት ሻሲው ይጠመዘዛል፣ መቃኑም አብሮ ይዛነፋል፣ ምላሱ ቀዳዳውን ይስታል። ፍርዱ ቀላል ነው፦ በሩ ክፍት ሲሆን ቁልፉ ለስላሳ፣ ሲዘጋ የሚታገል ከሆነ ጥፋቱ የማጠፊያው ወይም የመቃኑ ነው። ክፍትም ሆኖ የሚታገል ከሆነ የቁልፉ ነው። የእኛው ሁለቱም ነበረበት። ከሦስቱ ቦታዎች አንዱም ይህን የአምስት ደቂቃ ፈተና አላደረገም።

ሁለተኛው ሰው ፈጭቶ መልሶ የገጠማቸውን ቪቴዎች በጉልበት አልነኳቸውም። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ ጠብ አድርገው፣ «ነገ እመጣለሁ» ብለው ሄዱ። አሉሚኒየምና ብረት ለረጅም ጊዜ ተነካክተው እርጥበት ካገኙ አሉሚኒየሙ እየተበላ ነጭ ዱቄት ይሠራል፤ ቪቴውን ነክሶ የሚይዘው እሱ ነው። በማግስቱ የአንዱን ራስ በቀጭን መጋዝ ሰነጠቁለትና በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ ብሎ ወጣ። ሁለተኛው እምቢ ስላለ ራሱን ብቻ በትራፓኖ በስተው አነሱት፣ የቀረውን ዘንግ በፒንሳ አዞሩት። ላሜራው ላይ አንድ ጭረት የለም።

ውስጡ ሲከፈት ጉዱ ታየ። እጀታውን የሚመልሰው ሞላ ጫፉ ጋ ተሰብሯል። በአራት ማዕዘኑ ዘንግ ላይ ተሰክቶ ምላሱን የሚጎትተው አካል ደግሞ ያ የተበየደው ነው፣ ቅርጹ የለም።

ሞላውን ራሳቸው ሠሩት። 1.2 ሚሊ ሜትር የፒያኖ ሽቦ በሞርሳ ላይ በታሰረ ዘንግ ዙሪያ ጠመጠሙ። ዘንጉ ከሚፈለገው የሞላ ውስጠኛ ስፋት የቀጠነ ነው፣ ምክንያቱም ሽቦው ሲለቀቅ ተመልሶ ይሰፋል። የመጀመሪያው እጀታውን ከበደው፤ «ሕፃን ልጅ መክፈት አለበት» ብለው ጣሉትና አንድ ዙር ጨምረው እንደገና ሠሩ። ዙር ሲጨመር ሞላ ይለሰልሳል። ሌላው የሚሳሳቱበት ነገር አቅጣጫው ነው፦ እጀታው ሲጫን ጥምጥሙ መጥበቅ አለበት፤ በተቃራኒው ከተሠራ እየተፈታ ብዙ ሳይቆይ ይሰበራል።

ለሚጎትተው አካል ⅛ ኢንች ውፍረት ያለው የነሐስ ላሜራ ወሰዱ። ዘንጉን በካሊፐር ለኩ፣ ከልኩ ትንሽ ያነሰ ክብ ቀዳዳ በሱ፣ ከዚያ አራቱን ማዕዘን በትንሽ ሞረድ እየፋቁ፣ እየሞከሩ፣ እንደገና እየፋቁ አወጡት። ዘንጉ ሲገባ ወዲያ ወዲህ አይልም። ትንሽ ክፍተት እንኳ ቢቀር እጀታው ጋ ሲደርስ ትልቅ መላላት ይሆናል። ሞረዱን እንደያዙ ነው ቀና ብለው «እነዚህ ቤቶች እኮ እኛም አገር መጥተዋል» ያሉን። እውነት ነው፤ በ1959 እና በ1960 እ.ኤ.አ. በኤርስትሪም ትሬይለር ኩባንያ መሥራች በዋሊ ባያም መሪነት ከኬፕ ታውን ተነስቶ እስከ ካይሮ የተጓዘው የ41 ኤርስትሪም ትሬይለሮች ቅፍለት በኢትዮጵያ አልፏል። የዚያን ጊዜውን መንገድ ለሚያውቅ፣ ስንት ሞላ እንደተሰበረ መገመት አይከብድም።

መክፈቻ ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ያለውን አሮጌ መክፈቻ ቁልፍ ማስቀረጹ ነው። ተበልቶ ያለቀ ቁልፍ ቢቀረጽ መበላቱም አብሮ ይቀረጻል፤ የቅጂ ቅጂ ሲሆን ጭራሽ አይገባም። ጋሼ ሲሊንደሩን መክፈቻ ቁልፉ ውስጡ እንዳለ አወጡት፤ ያለ ቁልፍ ከተጎተተ ስስ ሰሌዳዎቹና ከሥራቸው ያሉት የፀጉር ያህል ሞላዎች ሊፈናጠሩ ይችላሉ። የእያንዳንዱን ሰሌዳ ከፍታ ለክተው አዲስ ቁልፍ ከልኩ ቀረጹ። አሁን እስከ መጨረሻው ገብቶ ይዞራል። ለማለስለሻ ደረቅ ግራፋይት፣ አንድ እፍታ ብቻ። ቀድሞ ዘይት ከገባበት መጀመሪያ ይታጠባል፣ ግራፋይትና ዘይት ሲገናኙ ጭቃ ነው የሚሆኑት።

በነገራችን ላይ የጎን ዕቃ ማስቀመጫ በሮቻችሁ ቁልፍ ላይ «ሲኤች 751» የሚል ካለ ያ ቁልፍ የጎረቤታችሁንም፣ የማታውቁትንም ሰው ትሬይለር ይከፍታል። እጅግ የተለመደ ነው። እሱን ብትቀይሩት ገንዘባችሁ አይባክንም።

መልሶ መግጠሙ አጭር ሥራ ይመስላል፣ ውሃ የሚገባው ግን እዚህ ላይ ነው። የቪቴዎቹ የእንጨት ቀዳዳዎች ሰፍተው ስለነበር ወደ ⅜ ኢንች አስፍተው ጠንካራ የእንጨት ዱላ በኮላ መቱባቸው፣ አሳደሩት፣ ከዚያ በ7/64 ኢንች መብሻ አዲስ ቀዳዳ አወጡ። ክብሪት እንጨት ሞልቶ ቪቴ ማጥበቅ ለአንድ ሰሞን ነው። ከቁልፉ ፊት ሳህን ሥር ውሃ የሚያግድ ተለጣፊ የቡቲል ቴፕ ዞረበት። ሲሊኮን አይሆንም፤ አንዳንዱ ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ብረት ይበላል፣ ደግሞ ነገ ቁልፉን ማውጣት ሲያስፈልግ የተረፈው አይለቅም፣ በላዩም ሌላ ነገር አይጣበቅም። ቪቴዎቹ የማይዝጉ ሆነው ጥርሳቸው ግራሶ ተቀባ። ቡቲሉ በጎን ሲወጣ ወዲያው አልቆረጡትም፤ ሙቀት ሲያገኝ ገና ይወጣል፣ ከሳምንት በኋላ በፕላስቲክ ቢላዋ ቁረጡት አሉን።

በመጨረሻ ምላሱን ጠመኔ ቀብተው በሩን ዘጉ፣ ከፈቱ። ጠመኔው መቃኑ ላይ ያለውን ላሜራ የመታው ከቀዳዳው ሦስት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። ቀዳዳውን በሞረድ አላሰፉም። የላይኛው ማጠፊያ ፔርኖ ተበልቶ ኖሮ እሱን ቀየሩት፣ በሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። አሁን በሩ በሁለት ጣት ይዘጋል።

ከሁሉ በላይ ግን ልባችንን የነካው ሌላ ነው። ሊሄዱ ሲሉ ትንሽ ፌስታል ሰጡን። ውስጡ የተሰበረው ሞላ፣ የተጨማደደው ዚንክ፣ ትርፍ ሆኖ የተሠራ ሁለተኛ ሞላ፣ እና የካርቶን ቁራጭ አለ። ካርቶኑ ላይ የነሐሱ አካል በልኩ ተስሏል፣ ከጎኑ የቁልፉ ቁጥርና የሲሊንደሩ ልኬት በእርሳስ ተጽፏል። «ይህን አትጣሉት። ነገ እኔ ባልገኝ ሌላ ሰው ይሠራበታል» አሉ። ሙያውን እንደ ምስጢር ደብቆ ደንበኛ የሚያስር ስንት አለ! እሳቸው ግን ያለ እሳቸው እንድንኖር አድርገው ሄዱ። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን።

ሦስት ጊዜ መጥተው፣ ሁለት አዲስ መክፈቻ ቁልፍና ፔርኖውን ጨምሮ የተቀበሉን 185 ዶላር ነው። ጨምረን ስንሰጥ ተቆጡን።

እንከን የለባቸውም አንልም። ቀጠሮ ያረፍዳሉ፤ «ሁለት ሰዓት» ካሉ ሦስት ሰዓት ቁጠሩ። ኤሌክትሮኒክ ቁልፍ አይነኩም። ዕቃው አዲስ ተሠርቶ የሚሸጥ ከሆነ «ግዙት፣ እኔ ምን አደከመኝ» ይሏችኋል። የድሮው ግን እጃቸው ላይ ይድናል።

ስልካቸውን በአደባባይ አንለጥፍም፣ በውስጥ መስመር ጠይቁን። ከመደወላችሁ በፊት ሦስት ፎቶ አዘጋጁ፦ የውጭው እጀታ ከፊት፣ በሩ ክፍት ሆኖ ምላሱ ከጎን፣ እና መቃኑ ላይ ያለው ላሜራ። ከፎቶው ጋር የበሩን ውፍረትና በአካሉ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉ፤ ኤል-66 እና ኤል-300 ለምሳሌ የሁለት የተለያየ ዕቃ ስም ነው፣ «ባርግማን ነው» ብቻ ማለት አይረዳቸውም። የተሰበረ ቁራጭ መሬት ላይ ካገኛችሁ አንሱት። ክሪኮቹንም አውርዳችሁ ጠብቋቸው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ናቸው፣ ከቀትር በኋላ ደውሉ።