ለኢንቨርሜሯ ሪልተራችን (የመሬትና የቤት ሽያጭ ወኪላችን) ምስጋና፣ ከተራራው ማዶ መሬት ለምትፈልጉ የካልጋሪ ወገኖች ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ምስጋና «ነገ እጽፈዋለሁ» እያልኩ ብዙ ጊዜ አሳልፌያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ ሁለት ጓደኞቼ «እኛም ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በኩል መሬት ልናይ ነው፣ ከደጃችን ወጥተን አጋዘን እናድናለን» ሲሉ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም በትክክል እንደዚያ ብዬ ነበር የጀመርኩት።

አደን የለመድኩት ካናዳ አይደለም። ጎጃም ገጠር አባቴ ቆቅና ጅግራ ሲያድን ከኋላ ከኋላው እየሮጥኩ ነው ያደግኩት። የተገኘውን መሸከም የኔ ሥራ ነበር። እዚህ ከመጣሁ በኋላ የመሣሪያ ደህንነት ኮርሱን ወሰድኩ፣ ፓሌን (መሣሪያ የመያዝ ፈቃዴን) አወጣሁ፣ የምንኖርበትን ክፍለ ሀገር የአልበርታን የአዳኝ ቁጥር ያዝኩ። በየዓመቱ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ወጣ እላለሁ። አጋዘን ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ያመሰኳል፤ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ማንም ሳይጠራጠር ይበላዋል። ባለቤቴ በሮዝመሪና በቃሪያ የምትጠብሰውን የቀመሰ ያውቀዋል።

ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ከተማ ኢንቨርሜርን የወደድነው ለልጆቹ ብለን ነው። ከካልጋሪ ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። ዊንደርሚር ሐይቅ አለ፣ አጠገቡ ደግሞ የሬዲየም ፍልውሃ። እኔ ግን በልቤ የያዝኩት ሌላ ነበር። 40 ኤከር ጫካ ያለው መሬት ልገዛና ጠዋት ቡናዬን ጠጥቼ፣ በጓሮ በር ወጥቼ ላድን። መጀመሪያ ያማከርኩት ደላላ «መሬቱ ያንተ ከሆነ እዚያ ላይ የሚሄደውም ያንተ ነው» አለኝ። እውነት መሰለኝ። በኔ አእምሮ ርስት ማለት እንደዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው እኚህን ሪልተር ያገኘናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል። እዚያው ሸለቆ ውስጥ ተወልደው ያደጉ፣ ራሳቸውም የሚያድኑ ናቸው። ስንት ብር እንዳለኝ አልጠየቁኝም። «መሬቱን ለምን ፈለግከው?» አሉኝ። ስነግራቸው የያዙትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «በዓመት ውስጥ ስንት ወር እዚህ ትኖራለህ?» አሉኝ። ቅዳሜና እሁድ፣ በጋ ላይ ደግሞ ሁለት ሳምንት አልኳቸው።

«እንግዲያው ስማኝ» ብለው ጀመሩ።

በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የአደን ሕግ ነዋሪ ለመባል ዋናው ቤትህ እዚያ መሆን አለበት። በተጨማሪም ካለፉት 12 ወራት ውስጥ በ6ቱ፣ የእያንዳንዱን ወር አብዛኛውን ቀን በአካል እዚያ ማሳለፍ አለብህ። ይህ ለዜጋና ለቋሚ ነዋሪ ነው። የመሬት ካርታ አይቆጠርም። የንብረት ግብር መክፈልም አይቆጠርም። የዱር እንስሳቱ ደግሞ የባለመሬቱ አይደሉም፣ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ናቸው። መሬቱን ትገዛለህ፣ በላዩ የሚያልፈውን አጋዘን ግን አትገዛም።

ነዋሪ ያልሆነ ሰው ትልልቆቹን እንስሳት ብቻውን ማደን አይችልም። አጋዘን፣ ትልልቆቹ የአጋዘን ዘመዶች ኤልክና ሙስ፣ ጥቁር ድብና የመሳሰሉት ማለት ነው። ወይ ፈቃድ ያለው የአደን መሪ ቀጥሮ ይሄዳል፣ ወይ ደግሞ የዚያው ክፍለ ሀገር ነዋሪ የሆነ አዳኝ የማጀብ ፈቃድ አውጥቶለት አብሮት ይወጣል። ያ አጃቢ ክፍያ መቀበል አይችልም። ይህ ሁሉ በገዛ መሬትህ ላይም ይሠራል! ለተወሰኑ እንስሳት የሚወጣው የማደኛ ፈቃድ ዕጣም ለነዋሪዎች ብቻ ነው። ለብቻህ የምትወጣው ለትንንሾቹ ነው፤ ለምሳሌ ጅግራ ለሚመስለው ግራውስ። እሱም ቢሆን የነዋሪ ያልሆነ ሰው ፈቃድ ተገዝቶ ነው። ፓሉ የፌዴራል ስለሆነ የትም ይሠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መሣሪያ የመያዝ ፈቃድና የማደን ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አደኑን የሚያስተዳድረው እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር ነው።

ቀጥለው ያሉትን መቼም አልረሳውም። «እኔን አትመን፣ የመንግሥቱን ቢሮ ደውለህ ጠይቅ። ዋናው ሐሳብህ አደን ከሆነ ግን አልበርታ ውስጥ ግዛ። እዚያ ነዋሪ ነህ።»

አስቡት። 40 ኤከሩን ቢሸጡልኝ የሚያገኙት ኮሚሽን ቀላል አልነበረም። ዝም ቢሉ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እኔ ደግሞ ከርሜ፣ አንድ ጠዋት በገዛ ግቢዬ ከአደን ተቆጣጣሪ ጋር እፋጠጥ ነበር። በማግስቱ ደወልኩ። እሳቸው እንዳሉት ነው።

እኔና ባለቤቴ ሁለት ሳምንት ተነጋገርንበት። በመጨረሻ ኢንቨርሜር አካባቢ ገዛን፣ ግን 5 ኤከር ብቻ። ለቤተሰብ ማረፊያ እንጂ ለአደን ብለን አይደለም። የተረፈው ገንዘብ የትልቋ ልጃችን የኮሌጅ ሆነ።

በግዢውም አልተለዩንም። አልበርታ የሌለ የንብረት ማዛወሪያ ግብር እንዳለ አስቀድመው ነገሩን። ከመጀመሪያው 200,000 ዶላር ላይ 1 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ባለው ላይ 2 በመቶ ነው። የ500,000 ዶላር ቤት ቢሆን 8,000 ዶላር ማለት ነው። ያን ሳያስቡ መሄድ ያስደነግጣል። የጉድጓዱን ውኃ አስመረመሩ፣ የፍሳሽ ታንከሩን አስፈተሹ። የትኛው አካባቢ መተኮስ እንደተከለከለ በካርታ አሳዩኝ። ጠመንጃ ይዤ በባንፍና በኩትኒ ፓርኮች ሳልፍ ጥይት የሌለበትና በማኅደሩ የተዘጋ መሆን እንዳለበት እንኳ ያስታወሱኝ እሳቸው ናቸው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ከጎረቤታችን ጋር ያስተዋወቁኝ ነው። ጡረታ የወጡ እንጨት ቆራጭ ናቸው። አንድ በጋ ሙሉ አጥር አብረን ስንጠግን ተላመድን። ባለፈው ኅዳር የማጀብ ፈቃዱን ራሳቸው አመልክተው አወጡልኝ። ጎህ ሲቀድ አብረን ወጣን። ነጭ ጭራ ያለው ወንድ አጋዘን አገኘሁ። ጭንቅላቱን ለምርመራ ሰጠን፤ አጋዘንን እያመነመነ የሚገድለው በሽታ በ2024 መጀመሪያ ላይ ክራንብሩክ አካባቢ ተገኝቷል። ውጤቱ ነጻ ነው ተባለ። ለገና ሽማግሌውን ከነባለቤታቸው ጠራናቸውና ከዚያው ሥጋ ጥብስ በእንጀራ በላን። አባቴን አሰብኩት።

የሪልተሯን ስምና ስልክ ሳላስፈቅዳቸው በአደባባይ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ወዲያው እልክላችኋለሁ። ከዚህ የማገኘው አንዲት ሳንቲም የለም። ስትደውሉላቸው መሬቱን ለምን እንደፈለጋችሁት ሳትደብቁ ንገሯቸው። ሌላ ክፍለ ሀገር የምትገዙም ብትሆኑ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የዚያን ክፍለ ሀገር የነዋሪነት ትርጉም ጠይቁ፤ ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ይህን ጽሁፍ ማንበብ እንደማይችሉ አውቃለሁ። ቅዳሜ ስንመጣ ልጄ እየተረጎመች ታነብልዎታለች፣ ቡናውንም ይዘን እንመጣለን።