ብሪያን 2፦ የአንጎል ሴሎች አብረው ሲመቱ በላፕቶፕ ለማየት

ብሪያን 2 የአንጎል ሴሎችን ሥራ በቀመር አስመስሎ በኮምፒውተር የሚያሳይ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ያለበት ላፕቶፕ ላይ በአንድ ትእዛዝ ይጫናል፣ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ቢጠፋም ግድ የለም። እኔ የፈለግኩት ለአንድ ጥያቄ ነው። አንጎል ውስጥ ሥራቸው ሌላውን ሴል ዝም ማሰኘት የሆነ ሴሎች አሉ። እነሱ እርስ በርሳቸው ሲገናኙ ሁሉም ዝም ይላሉ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል፤ እነሱ ግን አብረው መምታት፣ ማለትም አጭር የኤሌክትሪክ ምልክት በአንድ ጊዜ መልቀቅ ይጀምራሉ። እንዴት?

መሞከሪያዬ ተመራማሪዎቹ ዋንግ እና ቡዣኪ በ1996 ያወጡት ሞዴል ነው። 100 ገቺ (ሌላውን ዝም የሚያሰኙ) ሴሎች፣ መልእክታቸው ጋባ የሚባለው ዝም የሚያሰኝ ኬሚካል፣ ሁሉም ትንሽ የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ከረንት ይደርሳቸዋል። ሌላውን የሚቀሰቅስ ሴል አንድም የለም።

ብሪያን እዚህ ላይ ይመቻል። ቀመሩን ወረቀቱ ላይ እንዳለ ከነመለኪያው ትጽፉታላችሁ። ሚሊቮልትን ከናኖአምፔር ጋር ደምር ብትሉት እምቢ ብሎ ይቆማል። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን በባዶ ቁጥር በሚጻፍ ኮድ ውስጥ እንዲህ ዓይነቱ ስህተት ዝም ብሎ ያልፍና ግራፉ ቆንጆ ሆኖ ይወጣል፣ ያኔ ማን ያገኘዋል? የዚህ ሞዴል ምሳሌ ከሶፍትዌሩ ማብራሪያ ጋር ይመጣል፣ ግን የአንድ ሴል ብቻ ነው፤ መረቡን የምትዘረጉት ራሳችሁ ናችሁ። ደግሞ የጊዜ እርምጃው (ስሌቱ በየስንት ጊዜው እንደሚደገም) ካልነካችሁት 0.1 ሚሊሰከንድ ነው። ለዚህ ሞዴል ቀንሱት።

ከዚያ አስነሱት። ግራፉ ላይ እያንዳንዱ መስመር አንድ ሴል፣ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ምት ነው። መጀመሪያ ነጥቦቹ ተበታትነዋል። ጥቂት ዙር ሲያልፍ ተሰብስበው ቀጥ ብለው እንደ ዓምድ ይቆማሉ። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ብዙዎቹ በተቀራራቢ ጊዜ ሲመቱ ጋባው ሁሉንም አንድ ላይ ይይዛቸዋል፣ እየደከመ ሲሄድም አንድ ላይ ይለቃቸዋል። ትራፊክ ፖሊስ እጁን ሲያወርድ የቆመው መኪና ሁሉ አንዴ እንደሚነሳ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ትራፊኩም መኪናውም ራሳቸው ሴሎቹ ናቸው።

ዋናው ደስታ ግን ቁጥሮቹን መነካካት ነው። ጋባው የሚደክምበትን ጊዜ ከ10 ሚሊሰከንድ ከፍ አድርጉት፣ ምቱ ይዘገያል። ይሄ የኮምፒውተር ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በ1995 ተመራማሪዎቹ ዊቲንግተን፣ ትራውብ እና ጄፈሪስ ሂፖካምፐስ ከሚባለው የአይጥ አንጎል ክፍል በተወሰደ ቁራጭ ላይ ቀስቃሽ መልእክቶችን በመድኃኒት ዘግተው 40 ኸርዝ (በሰከንድ 40 ጊዜ) አካባቢ የሚመታ ሞገድ አግኝተዋል፣ የጋባን ውጤት የሚያራዝም ማደንዘዣ ሲጨምሩበትም ሞገዱ ዘግይቷል።

አሁን ደግሞ ለእያንዳንዱ ሴል የሚሰጠውን ከረንት በጥቂቱ አለያዩት። ዓምዱ ይፈርሳል። በጣም ትንሽ ልዩነት ይበቃዋል፣ እኔን የገረመኝም ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እውነተኛ አንጎል ውስጥ ሁለት አንድ ዓይነት ሴል ማግኘት ዘበት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ግራፍ ተደስታችሁ ላፕቶፑን አትዝጉ።

ጉድለቱስ? ተጭኖ የሚሠራ ቁልፍ የለውም፣ ፓይተን የማያውቅ ሰው ይቸገራል። መጀመሪያ ሲነሳ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ስለሚቀይር ያስጠብቃል፣ ይህን የሚቀይረው የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ከሌላችሁ ደግሞ ጭራሽ ይንቀራፈፋል። የአንድን ሴል ቅርንጫፎች አንድ በአንድ መሥራት ለሚፈልግ ኒውሮን የሚባለው ሶፍትዌር ይሻላል። ለመረብ ግን እኔ ብሪያንን አልለቅም፣ ከ5 አራት ተኩል ሰጥቼዋለሁ።

ቀጥዬ የምጨምረው በሴሎቹ መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ መገናኛ ነው። በ1999 ሁለት ቡድኖች በአይጥ አንጎል ቅርፊት ውስጥ ገቺ ሴሎች በጋባ ብቻ ሳይሆን በዚህም እንደሚያያዙ አሳይተዋል፣ ለእሱም ማብራሪያው ውስጥ ምሳሌ አለ።