ቹንቾን ላይ ከእህቴ አማት ጋር የበላሁት ዳክጋልቢ

እህቴ ኮሪያዊ ካገባች አራት ዓመቷ ነው፣ እኔ ግን ሄጄ ልጠይቃት የቻልኩት ገና ዘንድሮ ነው። ሦስት ሳምንት ሴኡል ተቀምጬ ብዙ ቦታ በልቻለሁ ግን ቁጭ ብዬ ልጽፍለት የፈለግኩት አንድ ቤት ብቻ ነው፣ እሱም ሴኡል ሳይሆን ቹንቾን ነው ያለው፣ በባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን። የእህቴ አማት የዛ ከተማ ሰው ናቸው፣ የምራታቸው ወንድም ከኢትዮጵያ መጣ ሲባሉ "ቹንቾንን ሳያይማ አይመለስም" ብለው ራሳቸው ይዘውን ሄዱ።

ለምን እንደዛ እንዳሉ የገባኝ ስንደርስ ነው። ወንዙ ዳር በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኛ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ ሐውልት አለ፣ በፈረንጆቹ 1968 ጃንሆይ ራሳቸው ተገኝተው የተመረቀ፣ አጠገቡ ደሞ በፈረንጆቹ 2007 የተከፈተ ጣራው የኛን ጎጆ የመሰለ የመታሰቢያ ቤት አለ። 121 ወታደሮቻችን ናቸው በዛ ጦርነት የወደቁት። ኦሞኒም (እህቴ አማቷን እንደዛ ነው የምትጠራቸው፣ እኔም ተከትያት) ሐውልቱ ፊት ሲደርሱ ቦርሳቸውን መሬት አስቀምጠው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። እኔ ምንም ማለት አቃተኝ። ከዛ ቀና አሉና "ራበህ?" አሉኝ፣ ኮሪያ ውስጥ እንደኔ እንደኔ ከሁሉም ቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ስልክ ሲደዋወሉ እንኳን ደህና ነህ ወይ እንደማለት "በላህ ወይ" ይባባላሉ።

ቤቱ ሚዮንግዶንግ የሚባለው ሰፈር ዳክጋልቢ ቤቶች ብቻ የተደረደሩበት ጠባብ መንገድ ላይ ነው፣ ሴኡልም ሚዮንግዶንግ የሚባል ሰፈር አለና እንዳትሳሳቱ። ዳክ ማለት ዶሮ ነው፣ ጋልቢ የጎድን አጥንት፣ ግን አጥንት የሚባል የለበትም። ጠረጴዛው መሀል ላይ የኛን ምጣድ የሚያክል ብረት ምጣድ ከነጋዙ ተተክሏል፣ እሱ ላይ ጥሬውን ያመጡና ይዘረግፉታል፦ በቀይ ቅመም የተለወሰ ዶሮ፣ ጥቅል ጎመን፣ ስኳር ድንች፣ ቶክ የሚሉት ከሩዝ የተሠራ ጣት ጣት የሚያክል ማላመጥ የሚፈልግ ነገር። ቅመሙ ጎቹጃንግ ነው፣ በርበሬና አኩሪ አተር ተቦክቶ የሚሠራ፣ መልኩን ላየው ድልህ ነው በቃ፣ ሲቀምሱት ግን ጣፋጭ ይበዛዋል። እውነቱን ልናገር፣ ለኔ ስኳሩ በዝቶብኛል፣ የኛን ዶሮ ወጥ የለመደ ሰው የሚጠብቀው ማቃጠል አይደለም፣ ቀስ ብሎ ከኋላ ነው የሚመጣው።

ሲገቡ ሽርጥ ይሰጣሉ፣ ልብስ እንዳይበላሽ። ማንኪያና ቾፕስቲክ ፍለጋ አስተናጋጅ አትጥሩ፣ ጠረጴዛው ጎን መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፣ ቾፕስቲኩ ደሞ ብረት ስለሆነ ያንሸራትታል። አስተናጋጇን "ኢሞ" ብለው ነው የሚጠሯት፣ የእናት እህት ማለት ነው፣ አክስቴ እንደማለት። እኛ ቤትስ የማናውቃትን አስተናጋጅ "እናት" እያልን አይደል የምንጠራው? ኢሞ ስልሳ ያለፋቸው ሴት ናቸው፣ በሁለት ማገላበጫ ምጣዱ ላይ ያለውን እየገለበጡ መቀሱን ከሽርጣቸው ኪስ አውጥተው ዶሮውን እዛው ቆራረጡት፣ እኔ ቀድሜ ልቅመስ ስል በማገላበጫው እጄን መለስ አደረጉኝና በጣት "ገና አምስት ደቂቃ" አሉ። ጎመኑ፣ ሰላጣ ቅጠሉ ሲያልቅ ያለ ክፍያ ይጨመራል፣ የነጭ ራዲሹ ቀዝቃዛ ኪምቺ (ኪምቺ በጨው የቦካ አትክልት ነው፣ ይሄኛውን ዶንግቺሚ ይሉታል) ደሞ ከጣፋጩ ጋር ሲሄድ አፍ ያጥባል፣ እኔ ሦስቴ አስጨመርኩ።

አሁን ይህን ሁሉ የምጽፍበት ነገር ላይ ልምጣ። ኦሞኒም ማንኪያ እስኪያነሱ ማንም ሳይጀምር ጠበቅን፣ ታላቅ ሳይጀምር አይጀመርም። አንድ ጊዜ ቀመሱና ከዛ ሰላጣ ቅጠል መዳፋቸው ላይ ዘረጉ፣ ላዩ ላይ ከኒፕ የሚሉትን ጠንካራ ሽታ ያለው ቅጠል፣ ዶሮ፣ ትንሽ ቶክ፣ አንዲት ስስ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቅልል አደረጉና በአንድ እጃቸው ከሥር ደግፈው ወደ አፌ። ደነገጥኩ። እህቴን አየኋት፣ እሷ "አፍህን ክፈት እንጂ" አለችኝ። ዋጥኩት፣ ትልቅ ነበር፣ እንባ እስኪመጣኝ ነው ያላመጥኩት። ከዛ እኔም ጠቀለልኩና ለሳቸው ሰጠሁ፣ "ጉርሻ" ይባላል አገራችን ብዬ በእህቴ በኩል አስተረጎምኩ፣ አንድ ጉርሻ ደሞ ያጣላል ብዬ ሁለተኛ ስጠቀልል ሙሉ ጠረጴዛው ሳቀ። "ኩርሻ፣ ኩርሻ" እያሉ ቃሉን ደጋገሙት። እህቴ የዛን ቀን ማታ "አገሩን የለመድኩት በዚህ ነው" አለችኝ፣ ሠርጓ ሰሞን ቋንቋው አንድም ሳይገባት ኦሞኒም እንደዛ እየጠቀለሉ ያጎርሷት ነበር።

ዶሮው ሊያልቅ ሲል እንዳትጠግቡ፣ የተረፈው ቅመም ላይ ሩዝ ይጠበሳል። ኢሞ ሩዙን፣ የባህር አረሙን፣ ሰሊጥ ዘይቱን ጨምረው ስስ አድርገው ምጣዱ ላይ ይደመድሙታል፣ ሥሩ ይዞ ቀላ እስኪል፣ ከዛ ፍቅፍቅ እያደረጉ መብላት። ከዶሮው እሱ ይበልጣል እላለሁ።

ዋጋው ለአንድ ሰው 15 ሺህ ዎን አካባቢ ነው፣ እኛ አራት ሆነን የሦስት ሰው አዘን ተርፎናል። ልከፍል ስነሳ ኦሞኒም ሽንት ቤት ልሂድ ብለው በር ላይ ካለው ካሸር ከፍለው ጨርሰዋል። በሞቴ ብዬ ብሞግትም ምን ዋጋ አለው፣ ያለቀ ነገር። ጉርሻ (የአስተናጋጁን ማለቴ ነው) እዛ አገር የለም፣ ጠረጴዛ ላይ 5 ሺህ ትቼ ስወጣ ኢሞ የረሳሁት መስሏቸው ሮጠው መንገድ ላይ መለሱልኝ፣ በሁለት እጃቸው።

ለአበሻ እንግዳ ማወቅ ያለባችሁ፦ ይሄ ቤት ዶሮ ብቻ ስለሚሠራ አሳማ ለማይበላ ሰው ይመቻል፣ ግን ኪምቺ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ ወይ የሽሪምፕ ጨው አለ፣ ዓሣ የማይበላ ሰው ይጠንቀቅ። ዶሮ ቤት ስለሆነ በጾም ቀን አይሆንም፣ እኛ ሐሙስ ነው የሄድነው። ሜኑው በኮሪያ ፊደል ብቻ ነው፣ ጩኸቱም ከባድ ነው፣ ለመጫወት አይመችም።

ቅር ያለኝ ግን ሌላ ነው። በሦስተኛው ቀን ብቻዬን ተመልሼ ሄጄ ነበር፣ ያ ሩዝ አላስተኛኝ ብሎ። ከሁለት ሰው በታች አይሠራም ተባልኩ፣ የሁለቱን ልክፈል ብልም ሰዓቱ የምሳ ግርግር ስለነበር ጠረጴዛ የለም አሉኝ። ብዙ ዳክጋልቢ ቤቶች ሕጉ እንደዛ ነው አሉ፣ ቢሆንም በር ላይ ቢጻፍ ጥሩ ነበር፣ ሰው አንድ ሰዓት ተጉዞ ነው የሚመጣው። ለኦሞኒም በስልክ ስነግራቸው "ብቻህን ማን ያጎርስሃል ታዲያ" አሉኝ በእህቴ በኩል፣ በቀጣዩ ሳምንት ቅዳሜ ድጋሚ አብረን ሄድን፣ በዛን ቀን የከፈልኩት ግን እኔ ነኝ፣ ገና ስንገባ ካርዴን ለኢሞ ሰጥቼ።